አለኸኝና የጭልጋው ኮክ

አለኸኝ ምሰሶ አቋሚ ነበር። ከአይከል ቁልቁል በሚወርደው አገር ቤት የሚሠራ ሰው ሞልቷል፤ የሚማግር፣ ሣር የሚከድን፣ ጭቃ የሚለጥፍ አይጠፋም። መካከለኛውን ምሰሶ ለማቆም ግን ሁሉም አለኸኝን ያስጠራል። እሱም መጥቶ መሬት ላይ በተጋደመው እንጨት አጠገብ ይንበረከካል፤ በጣቱ አንጓ ኳ ኳ ያደርግና ጆሮውን ያስጠጋል። ከዚያ ወይ «ሸጋ ነው» ይላል፣ ወይ «ይኼ ይዋሻል» ብሎ በእግሩ ወደ ማገዶው ክምር ያንከባልለዋል።

እንጨታቸውን ከሩቅ ጫካ ያስጎተቱ ባለቤቶች በዚህ ፍርድ ደስ አይላቸውም። አንድ ጊዜ የአገሩ ጭቃ ሹም፣ «ምነው አለኸኝ፣ የእኔን እንኳ ዝም ብለህ ብታቆመው?» ቢለው፣ «እኔ ዝም ብል እንጨቱ መች ዝም ይላል?» ብሎ ወደ ቤቱ ሄደ። አባቱ ሲቆጡ በቅማንትኛ፣ ሲመርቁ በአማርኛ የሚናገሩ ሰው ነበሩ፤ አለኸኝ ግን በሁለቱም ቋንቋ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚናገር፣ ያየውን።

በዚያ አገር የሚነድ ጥቁር ድንጋይ እንዳለ የማያውቅ የለም። ወንዙ ገደሉን ቦርቡሮ ባወጣበት ቦታ ጥቁሩ ንጣፍ ተጋልጦ ይታያል። ገበሬ ማሳውን ሲመነጥር እሳቱ አንዳንዴ ገደሉን ይይዝና ሳምንት ሙሉ ሲጨስ ይሰነብታል። ሰዉ ሽታውን ይረግማል እንጂ ከቁም ነገር አይቆጥረውም። ጣልያን በዘመኑ ከገደሉ ወደ ጎን አንድ ዋሻ ማስቆፈር ጀምሮ ሳይጨርስ ተባረረ። ከነፃነት በኋላ ዓመታት አልፈው መንግሥት ዋሻውን አስታወሰውና ጎንደር ከተማ ላይ የጭልጋ ድንጋይ ከሰል ሥራ ጽሕፈት ቤት ተከፈተ።

ጽሕፈት ቤቱ ጣልያን በሠራው ባለ ፎቅ ሕንፃ ውስጥ ዐሥራ አንድ ክፍል ያዘ። የመዝገብ ክፍል፣ የማኅተም ክፍል፣ የወጪ ደብዳቤ ክፍል፣ የገቢ ደብዳቤ ክፍል አለው። የእንግዳ መቀበያም አለው፤ እንግዳ ግን መጥቶ አያውቅም። የማዕድኑ ዋሻ በበኩሉ አርባ እርምጃ ርዝመት ነበረው። ውስጡ የሚሠሩት ስድስት ሰዎች ሲሆኑ ጣራው እንዳይወርድባቸው እንጨት የሚያቆምላቸው አለኸኝ ነው።

ሥራ አስኪያጁ አቶ ተክለ ጊዮርጊስ ይባሉ ነበር። ደግ ሰው ናቸው፤ ሠራተኛ ሰድበው አያውቁም፣ ለበዓልም ለሁሉም መልካም ምኞት በጽሑፍ ይልካሉ። ዋሻው ውስጥ ግን ገብተው አያውቁም። አንድ ጊዜ ከነባርኔጣቸው እስከ አፉ መጥተው ነጭ ኮታቸውን ተመለከቱና፣ «ከዚህም ሆኖ በደንብ ይታያል» ብለው ተመለሱ።

አለኸኝ በየወሩ የጭነት ማኪና ላይ ተሳፍሮ ጎንደር ይወጣና እንጨት ይለምናል። ከሰሉ በተቆፈረ ቁጥር ጣራው ይሰፋል፤ የሰፋ ጣራ ደግሞ ምሰሶ ይፈልጋል። የወጪ ደብዳቤ ክፍል ጥያቄውን ተቀብሎ ወደ ገቢ ደብዳቤ ክፍል ይመራዋል። ሁለቱ ክፍሎች ግድግዳ ለግድግዳ ናቸው፤ ጥያቄው ግን ከአንዱ ወደ ሌላው ለመድረስ ሦስት ሳምንት ይፈጅበታል።

በሺህ ዘጠኝ መቶ አርባ ሰባት ዓመተ ምሕረት ከጥምቀት በኋላ እንዲሁ ለልመና ሄዶ ቢሮው ሲገባ ሥራ አስኪያጁን ቆመው አገኛቸው። ጸሐፊው ነጋ ከአዲስ አበባ የመጣ ደብዳቤ ይዟል። ነጋ እጅ ጽሕፈቱ ያማረ፣ ድምፁ የለሰለሰ ወጣት ነው።

«ጌታዬ፣ ጣራው እንጨት ይፈልጋል» አለ አለኸኝ እጅ ነሥቶ።

«እንጨት፣ እንጨት! አንተ ሌላ ቋንቋ የለህም? ከላይ ትልቅ ጉዳይ መጥቷል። ነጋ፣ እስቲ ድገመው።»

ነጋ ጉሮሮውን ጠርጎ አነበበ። «ከጭልጋ ከሰል ኮክ ማግኘት ይቻል እንደ ሆነ፣ የሚገኘውም ኮክ ለብረት ማቅለጫ መስማማቱ ተመርምሮ ባስቸኳይ እንዲገለጽልን።»

«ሰማህ?» አሉ አቶ ተክለ ጊዮርጊስ በአድናቆት ራሳቸውን እየነቀነቁ። «መንግሥት አርቆ ያስባል። ከመሬት በታች ከሰል፣ ከመሬት በላይ ፍራፍሬ! እንዲህ ያለውን የሚያስበው የተማረ ሰው ነው።»

«ለብረት ማቅለጫ የሚለውስ?» አለ ነጋ ፈራ ተባ እያለ።

«ምን ይጠየቃል? ብረት የሚያቀልጥ ሠራተኛ ቀኑን ሙሉ እሳት ፊት ነው የሚውለው። ጉሮሮው ይደርቃል። ኮክ ደግሞ ውኃ ያለው ፍሬ ነው።»

አለኸኝ ጣልያን በነበረበት ጊዜ አዘዞ በሚገኘው የማኪና መጠገኛ ሁለት ዓመት ሠርቷል። እዚያ ቀጥቃጩ ምድጃው ላይ የሚያፈስሰው ግራጫ፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ድንጋይ በጆንያ ይመጣ ነበር። ጣልያኖቹ ኮክ ይሉታል።

«ጌታዬ፣ ይኼ የሚበላው ኮክ አይደለም» አለ። «ኮክ የሚሉት የተጋገረ ከሰል ነው። ከሰሉን ደቁሰው፣ አየር እንዳይገባ ዘግተው ያበስሉታል። ጭሱ ሁሉ ይወጣና እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። ብረት የሚያቀልጥ እሱ ነው።»

ነጋ ዓይኑን ወደ ብዕሩ መለሰ፤ የደረጃ ዕድገት ካገኘ ገና ወሩ ነበር።

«አለኸኝ» አሉ አቶ ተክለ ጊዮርጊስ ሳይቆጡ፣ «አንተ አናጢ ነህ ወይስ የአማርኛ መምህር? ኮክ ምን እንደ ሆነ ሕፃን ያውቀዋል። ሂድ፣ እንጨቱን እናስብበታለን።»

አለኸኝ ወጣ። ወደ አይከል የሚሄደው ማኪና እስከ ማግሥቱ ስለማይነሣ ለማሳያ ያመጣትን ትንሽ የከሰል ከረጢት እንዳንጠለጠለ ከከተማው ወጣ ብላ ወዳለችው ወለቃ መንገድ ጀመረ። ወለቃ ላይ አያ ሰጠኝ የሚባሉ ቀጥቃጭ አሉ፤ አዘዞ አብረው ሠርተዋል። ሚስታቸው ሸክላ ሠሪ ናቸው፤ ገንቦአቸውን ከመንገዱ ዳር ደርድረው ይሸጣሉ።

«አያ ሰጠኝ፣ ይኼ ከሰል ኮክ ይሆናል ይላሉ?» አለ አለኸኝ ከረጢቱን እየዘረገፈ።

ሽማግሌው አንዱን ጉማጅ አንሥተው አሸተቱ፣ ሰበሩት፣ በጥርሳቸውም ነከሱት። «እኔ ምን አውቅልሃለሁ? እሳቱን እንጠይቀው» አሉ።

ሚስትየው ወፍራም ማሰሮ አመጡ። ከሰሉን ደቁሰው ሞሉት፤ ክዳኑን በጭቃ መርገው ለጭሱ መውጫ የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ብቻ ተዉ። ማሰሮውን ምድጃ ውስጥ ቀብረው ወናፉን ሲነፉ ከቀዳዳዋ ቢጫ ጭስ እየተንፏቀቀ ወጣ። ጎረቤት ሁሉ አፍንጫውን ይዞ ሸሸ። ጭሱ ሲያልቅ ማሰሮውን አውጥተው አቀዘቀዙትና ሰበሩት። ኮክ ቢሆን ኖሮ እንደ ዳቦ ተጣብቆ አንድ ጉማጅ ሆኖ ይወጣ ነበር። የወጣው ግን ዱቄት ነው። በአያ ሰጠኝ ጣቶች መካከል ሾለከ።

«አይጋገርም» አሉ። «ውኃ ያሞቃል፣ ጡብ ይተኩሳል። ብረት ግን አይነካም። ሂድ ንገራቸው።»

አለኸኝ ዱቄቱን በስባሪ ማሰሮ አድርጎ በጨርቅ ቋጥሮ አገሩ ገባ። ለሚስቱ ለሸጋዬ ነገራት። እሷ ቋጠሮውን አየችና እጁን ያዘችው።

«ለማን ልትናገር ነው? ኮክ አይወጣውም ካልህ ያ ዋሻ ይዘጋል። ስድስት ቤት ነው የሚራብ። የእኛን ጨምረህ ሰባት።»

«ባልናገርስ ከሰሉ ይለወጣል?»

«አይለወጥም። ግን አንተን የጠየቀህ የለም። ሲጠይቁህ ትናገራለህ።»

በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አለኸኝ ያየውን ይዞ ዝም አለ። ቋጠሮውን ከአልጋው ሥር አኖረው። ቀን ዋሻው ውስጥ እንጨት ሲያንኳኳ ጆሮውን ካስጠጋ በኋላ ራሱን የሚታዘብ ይመስል አፍታ ይቆም ነበር።

ጎንደር ላይ ጉዳዩ ገሰገሰ። አቶ ተክለ ጊዮርጊስ «የአየሩ ጠባይ ተስማሚ ነው፤ በሦስት ዓመት ውስጥ ኮክ ይደርሳል» ብለው ጻፉ። አዲስ አበባ ደስ አለውና ሁለተኛ ደብዳቤ ላከ፤ ናሙና ይዘጋጅ፣ ናሙናውም «ጠንካራ፣ ቀዳዳ ያለው፣ ሲወድቅ የማይፈርጥ» መሆን አለበት ይላል።

«ጠንካራ ያሉት ያልበሰለ ለማለት ነው» ሲሉ ሥራ አስኪያጁ ለነጋ አስረዱት። «የበሰለ ከተላከ በመንገድ ይበላሻል። አይፈርጥም ያሉትም ለዚሁ ነው።»

«ቀዳዳ ያለው የሚለውስ ጌታዬ? ትል የበላው ማለት ነው?»

አቶ ተክለ ጊዮርጊስ ለረጅም ጊዜ በመስኮቱ ተመለከቱ። «ለምርመራ ይሆናል» አሉ በመጨረሻ። «ትሉን ሊመረምሩት ነው።»

ሐምሌ ላይ ሁለት መቶ የኮክ ችግኝ በማኪና ተጭኖ ወደ ጭልጋ ወረደ። ስድስቱ ማዕድን ቆፋሪዎች ዶማቸውን ይዘው ከዋሻው እንዲወጡና ከገደሉ በላይ ጉድጓድ እንዲቆፍሩ ታዘዙ። ከችግኙ ጋር ሌላ ማኪና መጣ፤ አለኸኝ ሲያየው ዓይኑን ማመን አቃተው። የባሕር ዛፍ እንጨት ነው። ቀጥ ያለ፣ የደረቀ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ የለመነው እንጨት። ቀርቦ አንዱን አንኳኳው። ሸጋ እንጨት ነው፣ አይዋሽም።

«ለአጥሩ ነው» አለው አብሮ የመጣው ነጋ፣ መሬት መሬት እያየ። «ችግኙን ፍየል እንዳይበላው።»

ሰማንያ አራቱም እንጨት በገደሉ ላይ ተተክሎ እሾሃማ ሽቦ ተወጠረበት። ጎንደር ካለው የአገረ ገዢው ግቢ በቀር እንዲህ ያለ አጥር ያለው በአገሩ አልነበረም ይባላል።

ነሐሴ ገባ፤ ቆፋሪዎቹም ወደ ዋሻቸው ተመለሱ። ዝናቡ ያለ ዕረፍት ወረደ። ለችግኙ የተቆፈሩት ሁለት መቶ ጉድጓዶች ውኃ እያቆሩ ወደ ታች ያሰርጉ ጀመር፤ ከታች ያለው ደግሞ የዋሻው ጣራ ነው። አንድ ቀን ረፋድ ላይ አለኸኝ ምሰሶዎቹን እያንኳኳ ሲሄድ ሠላሳኛው እርምጃ ላይ ቆመ። እንጨቱ ሳይነካ ራሱ ተናገረ። መጀመሪያ እንደ ሰው ጉልበት ቀጭ አለ፤ ቀጥሎ በረጅሙ አቃሰተ።

«ውጡ!» ብሎ ጮኸ። «ዶማውን ተዉት፣ ውጡ!»

አራቱ ፋኖሳቸውን ይዘው ሮጡ። ዋሻው መጨረሻ ላይ ይቆፍሩ የነበሩት፣ ክንዱ የሚባለው ሰውና አንድ ጓደኛው ግን ከመሮጣቸው በፊት በመካከል ጣራው በከፊል ወረደ። መተላለፊያው አልተደፈነም፤ አንድ ሰው በደረቱ ተስቦ የሚያልፍበት ክፍተት ቀረ። ከበላዩ ግን የተሰነጠቀው ጣራ በሁለት አሮጌ ወራጅ ላይ ተንጠልጥሎ ቁሟል።

«ክንዱ፣ አትንቀሳቀስ!» ሲል አለኸኝ በክፍተቱ ተጣራ። «አሁን ብትመጣ ነክተህ ታወርደዋለህ። እስክደግፈው ጠብቅ።»

«በምን ልትደግፈው? እንጨት የት አለህና!» አለ ክንዱ ከውስጥ።

አለኸኝ ወደ ዋሻው አፍ ሮጠ። ወጥቶ ገደሉን ወጣ፣ የአጥሩን ሽቦ በመጥረቢያ በጠሰ፣ የመጀመሪያውን እንጨት ነቀለ። አራቱ ሰዎች አፍታ ተያዩና እነሱም መንቀል ጀመሩ። የአጥሩ ጠባቂ «የመንግሥት ንብረት ነው!» እያለ ሲጮህ ቆየና ሲደክመው አንድ እንጨት በትከሻው ተሸክሞ ወረደ። አለኸኝ አንዱን እንጨት ከጣራው ሥር ሰክቶ በሽብልቅ እያጠበቀ፣ እያንዳንዱንም ጆሮውን አስጠግቶ እያዳመጠ፣ ጀንበር እስክታዘቀዝቅ ድረስ አርባ ሁለት አቆመ። ከዚያ እጁን በክፍተቱ ሰደደ። ክንዱ ያንን እጅ ይዞ ተስቦ ወጣ፤ ጓደኛውም ተከተለ። ክንዱ ብርሃን ላይ ሲደርስ ተቀምጦ እንደ ልጅ አለቀሰ፤ ከዚያም ማልቀሱ ስላሳፈረው «ጭሱ ነው» አለ። ጭስ ግን አልነበረም።

አጥሩ ስለ ፈረሰ ፍየሎቹ በጳጉሜ ስድስት ቀን ውስጥ ሁለት መቶውንም ችግኝ ጨረሱት።

መስከረም መጨረሻ ላይ ከአዲስ አበባ አቶ ወልደኢየሱስ የሚባል መሐንዲስ ናሙናውን ለማየት መጣ። ውጭ አገር ተምሮ የተመለሰ፣ ጫማው ጭቃ የማይፈራ ሰው ነው። አቶ ተክለ ጊዮርጊስ የችግኙን ጥፋት በሰሙ ጊዜ ሁለት ቀን ቢያዝኑም በሦስተኛው መላ አገኙ። ከዋሻው አፍ ላይ ጠረጴዛ ቆመ፤ ጠረጴዛው ላይ በነጠላ የተሸፈነ መሶብ ተቀመጠ። መሐንዲሱ ሲደርስ ሥራ አስኪያጁ ነጠላውን ገለጡት። ከጎንደር ገበያ የተለቀመ አረንጓዴ፣ እንደ ድንጋይ የደረቀ ኮክ ነው። በእያንዳንዱ ላይ ነጋ በወስፌ ሦስት ሦስት ቀዳዳ በጥንቃቄ በስቶበታል።

መሐንዲሱ አንዱን አነሣ። አገላብጦ አየው። «ይህ ምንድን ነው?»

«ኮክ ነው» አሉ አቶ ተክለ ጊዮርጊስ በኩራት። «ጠንካራ፣ ቀዳዳ ያለው። ቢወድቅም አይፈርጥም።» ይህንንም ለማስረዳት አንዱን መሬት ላይ ጣሉት። እውነትም አልፈረጠም።

መሐንዲሱ አልሳቀም። ኮኩን መልሶ መሶቡ ውስጥ አኖረ። ከዚያም «ውስጥ የሚሠራው ማን ነው?» ሲል ጠየቀ። አለኸኝን አቀረቡለት። ሁለቱ ፋኖስ ይዘው ገቡ። ሠላሳኛው እርምጃ ላይ መሐንዲሱ ቆመ፤ ከምሰሶዎቹ ላይ የእሾሃማ ሽቦ ቁራጭ ተንጠልጥሏል።

«እነዚህ አጥር ነበሩ እንዴ?»

«አዎ ጌታዬ። አሁን ተራራ ይዘዋል።»

መሐንዲሱ ጥቁሩን ንጣፍ በመዶሻ ፈለጠ፣ በብርሃን አየ። «አንተ ምን ትላለህ? ይህ ከሰል ኮክ ይወጣዋል?»

አለኸኝ ፋኖሱን ከፍ አደረገ። ሸጋዬ ያለችው ቀን መጣ፤ ተጠየቀ። ውጭ ክንዱና ሌሎቹ ቆመው እንደሚጠብቁ ያውቃል። በእጁ አጠገቡ ያለውን እንጨት ኳ ኳ አደረገ፣ ከልማድ የተነሣ። «አይወጣውም» አለ። «ወለቃ ላይ በማሰሮ ሞክረነዋል። ዱቄት ነው የሆነው። ቤቴ አለ፣ ላሳይዎ።»

መሐንዲሱ ዱቄቱን በጣቱ አሽቶ አየና ራሱን ነቀነቀ። «ስምንት ወር ሙሉ ደብዳቤ የተጻጻፍንበትን ነገር አንተ በአንድ ማሰሮ ጨርሰኸዋል» አለው። በወሩ ሥራው እንዲቆም ትእዛዝ መጣ።

ስድስቱ ቆፋሪዎች ዶማቸውን አስረከቡ። ክንዱ ከአለኸኝ ጋር መነጋገር ተወ። አንድ ቀን ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ከሞት አወጣኸኝና ከእንጀራዬ ቀበርኸኝ። ምነው? አንድ ቃል ብትዋሽልን ምን ነበረበት?» አለው። አለኸኝ ቤቱ ገብቶ ሸጋዬን፣ «እውነት ብሏል» አላት። እሷም «ብሏል» አለችው እንጂ አላጽናናችውም። ያ ዓመት ያለፈው በጎመንና በተበደሩት እህል ነበር።

አቶ ተክለ ጊዮርጊስ በአትክልት ልማት ላሳዩት ትጋት ወደ ሌላ ግዛት በእርሻ ጉዳይ በዕድገት ተዛወሩ። የከሰል ሥራ ጽሕፈት ቤቱም አልተዘጋም፤ የተቋረጠውን ሥራ መዝገብ የሚጠብቅ ስለሚያስፈልግ ዐሥራ አንዱንም ክፍል እንደያዘ ቀረ። ከዚሁ ጽሕፈት ቤት የካቲት ላይ ለአለኸኝ ደብዳቤ ደረሰው። ያለ ፈቃድ የነቀላቸውን አርባ ሁለት የአጥር እንጨቶች ነቅሎ እንዲመልስ፣ ባይመልስ እንደሚከሰስ ይላል። ለማስፈጸም ነጋ ራሱ መጣ።

አለኸኝ ፋኖስ አበርቶ ዋሻው ውስጥ አስገባው። ነጋ ከዚህ በፊት ገብቶ አያውቅም፤ ከጣራው የሚንጠባጠበው ውኃ አንገቱ ላይ ሲያርፍ ትከሻውን ሰበቀ። ከምሰሶዎቹ አንዱ ጋ ሲደርሱ አለኸኝ መዶሻውን ሰጠው።

«ትእዛዙ የጽሕፈት ቤቱ ነው፤ አንተም የጽሕፈት ቤቱ ሰው ነህ። የመጀመሪያውን አንተ ንቀል። ሽብልቁን ከዚህ በኩል ምታው። እኔ ውጭ ሆኜ እቆጥራለሁ።»

ነጋ መዶሻውን ይዞ ወደ ላይ ተመለከተ። ከላይ ያለው ጨለማ ትንሽ ቀጭ አለ። መዶሻውን ቀስ ብሎ መሬት ላይ አኖረ፤ ከዚያ ከኪሱ ወረቀት አውጥቶ እዚያው ጉልበቱ ላይ በዚያ ባማረ እጅ ጽሕፈቱ ጻፈ። «እንጨቶቹ በመንግሥት ሥራ ላይ ስለሚገኙ ለጊዜው ከቦታቸው ሊነሡ አይችሉም።» ፈረመበት። ከዚያም ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ የአለኸኝን ዓይን አየ። «አያ አለኸኝ፣ ያን ቀን ስለ ኮኩ ሲናገሩ ገብቶኝ ነበር» አለ።

«አውቃለሁ» አለ አለኸኝ። «ና፣ እንውጣ።»

ሁለት ክረምት ካለፈ በኋላ የሳንጃ ነጋዴዎች ሰሊጥ ማከማቻ ሊሠሩ ተነሡና ምሰሶ አቋሚ አጡ። አለኸኝን አስጠሩት። ሥራው ብዙ ስለ ነበር ረዳት ፈለገ። ጉልበት ያላቸው ስድስት ሰዎች የት እንዳሉ ያውቅ ነበርና ሄዶ በክንዱ ደጃፍ ቆመ። ክንዱ እርፍ እየጠረበ ነበር፤ ቀና አላለም።

«ሳንጃ ሥራ አለ» አለ አለኸኝ። «ለሁላችሁም።»

ክንዱ ለጥቂት ጊዜ ጠረበ። «ከመሬት በታች ነው ከመሬት በላይ?» አለ በመጨረሻ።

«በላይ ነው።»

ክንዱ እርፉን ግድግዳው ላይ አስደግፎ መጥረቢያውን አነሣ። «እንጨቱን ግን አንተ ታየዋለህ» አለና ወደ ውስጥ ገብቶ ለሚስቱ ስንቅ እንድታዘጋጅ ተናገረ።